«ተመረቅኩ» እና «ተቀጠርኩ»፦ ፓሲቭ ቮይስ ለማመልከቻ ጸሐፊ

ሲቪና ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የምጽፈው አራት ኪሎ ነው። ጋዜጣ ተከራይተው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያነቡ ልጆች ከሚቆሙበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ዛሬም ብዙ ደንበኞቼ «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ዲግሪያቸውን በፕላስቲክ ፋይል ይዘው ይመጡና ረቂቃቸውን ከስልካቸው ላይ ያሳዩኛል። ቃል የሚያጥረው ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ማመልከቻ የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ አይለይም። አድራጊው ይጠፋል፣ ወይም ተደራጊው አድራጊ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ አክቲቭና ፓሲቭ ቮይስን ለሥራ ፈላጊ በሚጠቅም መንገድ ልጻፍላችሁ። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በእኛው ፊደል አስቀምጠዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዓይን ያለፈውን ስህተት ብዙ ጊዜ ጆሮ ይይዘዋል።

መጀመሪያ አሠራሩ

«ዘ ሴክሬተሪ ሮት ዘ ሪፖርት» ስንል ጸሐፊዋ ቀድማለች። ይሄ አክቲቭ ነው። «ዘ ሪፖርት ዋዝ ሪትን ባይ ዘ ሴክሬተሪ» ስንል የተጻፈው ነገር ቀደመ። ይሄ ፓሲቭ ነው። ፓሲቭ በመደበኛ ጽሑፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ከ«ቢ» ወገን የሆነ ቃል ነው፦ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ወር፣ ቢን፣ ቢይንግ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ «ቨርብ ስሪ» ስንለው የኖርነው የግሱ ሦስተኛ መልክ ነው፦ ሪትን፣ ስቶለን፣ ፔይድ፣ ሜድ።

ጊዜው ሲለወጥ ቨርብ ስሪ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የሚለዋወጠው ከፊቱ ያለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲሠራ ማየት ብርቅ ስላልሆነ በመንገድ እንየው። ይጠገናል፣ በየዓመቱ፦ «ዘ ሮድ ኢዝ ሪፔርድ ኤቭሪ ይር»። ተጠገነ፣ አምና፦ «ዘ ሮድ ዋዝ ሪፔርድ ላስት ይር»። አሁን እየተጠገነ ነው፦ «ዘ ሮድ ኢዝ ቢይንግ ሪፔርድ»። ተጠግኗል፦ «ዘ ሮድ ሃዝ ቢን ሪፔርድ»። ወደፊት ይጠገናል፦ «ዘ ሮድ ዊል ቢ ሪፔርድ»። መጠገን አለበት፦ «ዘ ሮድ መስት ቢ ሪፔርድ»።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ። «ቢይንግ» እየተደረገ ላለ ነገር ነው። «ቢን» ደግሞ ከ«ሃዝ»፣ ከ«ሃቭ» ወይም ከ«ሃድ» በኋላ ይመጣል። ሁለቱ ሲነገሩ ስለሚቀራረቡ «ዘ ሮድ ኢዝ ቢን ሪፔርድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በጣም ብዙ ነው። እንደዚያ አይባልም።

«ተ» ሁሉ ፓሲቭ አይደለም

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይሄን ነው። የእኛ ሰው የሚሳሳተው ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። አማርኛው ስለሚያሳስተው ነው።

በአማርኛ ተገብሮ የምንለው ግስ ብዙውን ጊዜ በ«ተ» ይጀምራል። ጻፈ፣ ተጻፈ። ሰረቀ፣ ተሰረቀ። ከፈለ፣ ተከፈለ። ስለዚህ አእምሯችን «ተ» በሰማ ቁጥር «ዋዝ» ያስገባል። ግን «ተ» ሌላም ሥራ አላት። «ተቀመጠ» ስንል ማንም አላስቀመጠውም፤ ራሱ ነው የተቀመጠው። ተነሳ፣ ተማረ፣ ተናገረ፣ ተጓዘ፣ ተስማማ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። «ተ» አለባቸው፣ አድራጊው ግን ራሱ ባለቤቱ ነው።

ሲቪ ላይ በብዛት የማየው «አይ ዋዝ ግራጁዌትድ ፍሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ነው። «ተመረቅኩ» ከሚለው ቃል በቃል የመጣ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ተመራቂው ራሱ ነው ግሱን የሚሠራው። «አይ ግራጁዌትድ ፍሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» በቃ። «ዋዝ»ን አውጡት። (እግረ መንገዴን፦ ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀይሩት። የውጭ ድርጅት ላይ የምታመለክቱ ከሆነ ሌሎች ሰነዶቻችሁ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት።)

በተቃራኒው «ተቀጠርኩ» በእንግሊዝኛም ፓሲቭ ነው። ቀጣሪ አለ፤ እናንተ ተቀጣሪ ናችሁ። «አይ ዋዝ ሃየርድ» ይባላል። «አይ ሃየርድ» ብላችሁ ከተዋችሁት አንባቢው «ማንን ቀጠርክ?» ይላል። ተመደብኩ፦ «አይ ዋዝ አሳይንድ»። ተመረጥኩ፦ «አይ ዋዝ ሲሌክትድ»። ተጋበዝኩ፦ «አይ ዋዝ ኢንቫይትድ»። ተወለድኩ፦ «አይ ዋዝ ቦርን»።

ሌላው ወገን እነሆ። ተሳተፍኩ፦ «አይ ፓርቲሲፔትድ»። ተጓዝኩ፦ «አይ ትራቭልድ»። ተስማማን፦ «ዊ አግሪድ»። ተማርኩ፦ «አይ ስተዲድ»። ተከሰተ፦ «ኢት ሃፕንድ»። «ዋዝ ሃፕንድ» የሚባል ነገር የለም፣ አደጋው የቱንም ያህል ቢከፋ።

እንዴት እንለያቸው? ጥያቄው ቀላል ነው። አማርኛውን ትታችሁ የእንግሊዝኛውን ግስ «ማንን?» ወይም «ምንን?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሃየር» ማንን? ሠራተኛን። መልስ አለው፤ ተሳቢ ይቀበላል፤ ስለዚህ ፓሲቭ መሆን ይችላል። «ሃፕን» ምንን? መልስ የለውም። «አራይቭ» ማንን? የለውም። ከም፣ ጎ፣ ዳይ፣ ኦከር፣ ኤግዚስት፣ አፒር፣ ዲስአፒር፦ እነዚህን ሸምድዷቸው። ተሳቢ ስለማይቀበሉ በፓሲቭ አይመጡም። «ማይ ፋይል ዋዝ ዲስአፒርድ» ስህተት ነው። «ማይ ፋይል ዲስአፒርድ» ወይም «ማይ ፋይል ዋዝ ሎስት» በሉ።

በሁለቱም መልክ የሚሄዱ ግሶች አሉ። «ተሰበረ» ለሚለው «ዘ ግላስ ብሮክ» ማለት ይቻላል፤ ብርጭቆው ተሰበረ፣ ያው ነው። «ዘ ግላስ ዋዝ ብሮክን ባይ ዘ ዌይተር» ካልን ግን ሰባሪ አለ። «ተከፈተ»ም እንዲሁ ነው። ካፌው ተከፈተ ስንል «ዘ ካፌ ኦፕንድ» ይበቃል። በሩን ጥበቃው ከከፈተው «ዘ ዶር ዋዝ ኦፕንድ ባይ ዘ ጋርድ»።

«ሰረቁኝ»፣ «አባረሩኝ»፣ «ጠሩኝ»

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። «ተ» የለበትም፣ እንግሊዝኛው ግን ፓሲቭ ይፈልጋል።

ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩ የጠፋበት ሰው «ስልኬን ሰረቁኝ» ነው የሚለው። «ሰረቁ» ያላቸው እነማን እንደሆኑ አያውቅም። አማርኛው እንደዚህ ይፈቅዳል፤ ሰሚውም «እነማን?» ብሎ አይጠይቅም። እንግሊዝኛ ላይ «ዘይ ስቶል ማይ ፎን» ካልን ግን «ዘይ» ቀደም ብሎ የተጠቀሰ ሰው ይፈልጋል። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋቸዋል። «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» በሉ። ሌባውን አለማወቃችሁም በዚያው ይገለጻል።

«ተሰረቅኩ»ን ግን እንዳለ አትውሰዱት። «አይ ዋዝ ስቶለን» ማለት ሰውዬውን ራሱን አንስተው ወሰዱት ማለት ነው። ለሰው «አይ ዋዝ ሮብድ» ነው፤ ለዕቃው «ዋዝ ስቶለን»።

«ከሥራ አባረሩኝ» «አይ ዋዝ ዲስሚስድ» ይሆናል። «ለፈተና ጠሩኝ» «አይ ዋዝ ኮልድ ፎር ኤን ኤግዛም»። አነጋገር ላይ «ሂ ጎት ፋየርድ» የሚል ትሰማላችሁ። ለጓደኛ ይሁን፤ ማመልከቻ ላይ አታስገቡት።

«ሰርተፊኬት ተሰጠኝ» የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። በአማርኛ የተሰጠው ሰርተፊኬቱ ነው፤ እኔ «ኝ» ሆኜ ከኋላ እመጣለሁ። እንግሊዝኛ ግን ሰውን ማስቀደም ይወዳል፦ «አይ ዋዝ ጊቭን ኤ ሰርተፊኬት»። እኛ «ተሰጠሁ» ስለማንል ይሄ መጀመሪያ ላይ ይጎረብጣል። ስለዚህ ሰው «ዋዝ ጊቭን ሚ ኤ ሰርተፊኬት» ብሎ ይጽፋል፤ ባለቤት የለውም፣ አይቆምም። ተነገረኝ፦ «አይ ዋዝ ቶልድ»። ዕድል ተሰጠኝ፦ «አይ ዋዝ ጊቭን ኤ ቻንስ»። ጉርሻ ተከፈለኝ፦ «አይ ዋዝ ፔይድ ኤ ቦነስ»። በ«ኝ» የሚያልቀውን ወደ «አይ» አምጡትና ጻፉ።

በዚሁ ላይ «ሰለቸኝ» እና «አሰልቺ» አሉ። «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው እኔ አሰልቺ ነኝ ብሏል። «አይ አም ቦርድ» ነው ሰለቸኝ። የማመልከቻው መክፈቻም «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ዘ ፖዚሽን» ነው። «ኢንተረስቲንግ» ካላችሁ ራሳችሁን ነው ያሞገሳችሁት።

«በ» ሁሉ «ባይ» አይደለም

በአማርኛ አንዲቷ «በ» ብዙ ትሸከማለች። በእንግሊዝኛ ትበታተናለች። አድራጊ ከሆነ «ባይ»፦ «አይ ዋዝ ሬይዝድ ባይ ማይ ግራንድማዘር»፣ በአያቴ ነው ያደግሁት። መሣሪያ ከሆነ «ዊዝ»፦ «ዘ ሮፕ ዋዝ ከት ዊዝ ኤ ናይፍ»፣ በቢላ ተቆረጠ። ቢላው አልቆረጠም፤ ቢላውን የያዘው ሰው ነው የቆረጠው። የተሠራበት ነገር ከሆነ «ኦፍ»፦ «ሜድ ኦፍ ስቶን»። ዓመት ከሆነ «ኢን»። በመኪና ተገጨ ሲሆን ግን «ሂት ባይ ኤ ካር» ነው፤ መኪናው እንደ አድራጊ ይቆጠራል።

የትኛውን እንምረጥ?

ትምህርት ቤት የሚሰጠው መልመጃ «ቼንጅ ኢንቱ ፓሲቭ» የሚል ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር ይሰጥና አሥሩም ይገለበጣሉ። ለፈተና ይጠቅማል። ግን ሲጽፉ ማንም «ገልብጥ» አይልም። ሲጽፉ መምረጥ ነው ያለው፤ የሚመረጠውም ስለ ማን እየተወራ እንደሆነ ታይቶ ነው።

ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት እንውሰድ። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው፤ በፈረንጆቹ 1930 መሆኑ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አነሱት። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ስለ ሐውልቱ የምትጽፉ ከሆነ ሐውልቱን ፊት ላይ አቆዩት፦ «ዘ ስታቹ ዋዝ አንቬይልድ ኢን 1930. ኢት ዋዝ ሪሙቭድ ዱሪንግ ዚ ኢታሊያን ኦኪዩፔሽን. ኢት ዋዝ ሪስቶርድ አፍተር ሊበሬሽን.» ሦስቱም ፓሲቭ ናቸው፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንባቢው ዓይኑን ከሐውልቱ ላይ ሳያነሳ ታሪኩን ይጨርሳል።

ስለ ወረራው የምትጽፉ ከሆነ ግን «ዘ ስታቹ ዋዝ ሪሙቭድ» ብሎ ማለፍ አይገባም። «ዚ ኢታሊያንስ ሪሙቭድ ዘ ስታቹ» በሉ። ያነሳው ይታወቃል፤ ስሙ ይጠራ። ያው ድርጊት፣ ያው ሐውልት፣ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አድራጊውን መጥራት ዓረፍተ ነገሩን ያጨናንቃል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ተመሠረተ። ቻርተሩን የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች ፈርመውታል። ሁሉንም ከፊት መደርደር አይቻልም። «ዚ ኦርጋናይዜሽን ኦፍ አፍሪካን ዩኒቲ ዋዝ ፋውንድድ ኢን አዲስ አበባ ኢን 1963» ይበቃል። ልብ በሉ፣ «ፋውንድድ» ነው፣ መጨረሻው ላይ «ድ» ሁለቴ ትሰማለች። «ዋዝ ፋውንድ» ካላችሁ «ተገኘ» ማለት ነው፣ እንደ ጠፋ ዕቃ።

እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያሉት ባለቀለም መስኮቶች ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው። «ዘ ዊንዶውስ ወር ዲዛይንድ ባይ አፈወርቅ ተክሌ» ስንል ስሙ መጨረሻ ላይ መጣ። እንግሊዝኛ አዲስና ክብደት ያለውን ነገር ወደ መጨረሻ መግፋት ይወዳል። «ባይ» የምትገባው እንዲህ ያለ የሚነገር ስም ሲኖራት ነው። «ባይ ሰምዋን» ወይም «ባይ ፒፕል» ብላችሁ የምትጨምሩት ምንም አይነግርም፤ ቁረጡት።

የሳይንስ ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ሪፖርት ይዘው ሲመጡ ፓሲቩን አልነካባቸውም። «ዘ ሳምፕል ዋዝ ሂትድ» ጥሩ ነው። ናሙናው መሞቁ እንጂ ማን እንዳሞቀው አያሳስብም።

ሲቪ ላይ ግን ሌላ ነው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ በካሸርነት የሠራ ልጅ «ካሽ ዋዝ ካውንትድ ኤንድ ሪፖርትስ ወር ፕሪፔርድ» ብሎ ይጽፋል። ልጁ ከራሱ ሲቪ ውስጥ ጠፋ! ያ ሁሉ ድካም ባለቤት አጣ። «ካውንትድ ዘ ዴይሊ ካሽ ኤንድ ፕሪፔርድ ዘ ሪፖርትስ» ይበል። ሲቪ ላይ «አይ» አይጻፍም፤ ግሱ ግን አክቲቭ ነው፣ የሠራውም እሱ እንደሆነ ይታወቃል። «ባይ ሚ» ደግሞ ከሲቪም ከማመልከቻም ትውጣ። «ዘ ሪፖርት ዋዝ ፕሪፔርድ ባይ ሚ» ከማለት «አይ ፕሪፔርድ ዘ ሪፖርት»።

አቤቱታ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። አንዲት ደንበኛዬ የሁለት ወር ደመወዝ ያልከፈላት ድርጅት ነበር። ረቂቋ «ማይ ሳላሪ ዋዝ ኖት ፔይድ» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ማንንም አይጠይቅም። መክፈል ያለበት ክፍል ይታወቅ ስለነበር «ዘ ፋይናንስ ዲፓርትመንት ሃዝ ኖት ፔይድ ማይ ሳላሪ» ብለን ጻፍነው። ደብዳቤው መልስ የሚጠበቅበትን ቦታ አገኘ። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ስለጠፋ ፋይልም ነበር። ማን እንዳጠፋው ማስረጃ አልነበራትም። እሱን «ማይ ፋይል ዋዝ ሎስት» ብለን ተውነው። ያላየነውን ሰው ስም መጥራት ትክክል አይደለም፤ ፓሲቭ እዚያ ላይ ሐቀኛ ነው።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲተረጎምም ይሄ ይመጣል። «ተወስኗል»፣ «ታዟል»፣ «ተገልጿል» የሚለውን «ኢት ሃዝ ቢን ዲሳይድድ» እያሉ መደርደር ቀላል ነው። ደብዳቤው ውስጥ ወሳኙ ቦርድ ወይም ኮሚቴ ከተጠቀሰ ፈልጉና አውጡት፦ «ዘ ቦርድ ሃዝ ዲሳይድድ»። ካልተጠቀሰ ከራሳችሁ አትጨምሩ።

ማይክሮሶፍት ወርድ ፓሲቭ ሲያይ ሊያሰምርበት ይችላል። አትደንግጡ። «አይ ዋዝ ቦርን» ላይ ምንም የምታስተካክሉት የለም።

አንድ አንቀጽ አብረን እንይ

የራሳችሁን ደብዳቤ አትሙና በእስኪርብቶ ግሶቹን ሁሉ አስምሩ። እያንዳንዱ ላይ «ማን ነው ያደረገው?» በሉ። እናንተ ከሆናችሁ አክቲቭ። ሌላው በእናንተ ላይ ያደረገው ከሆነ ፓሲቭ። ራሱ የሆነ ነገር ከሆነ ያለ «ዋዝ»። የአንዲት ሌላ ደንበኛዬ አንቀጽ ተስተካክሎ እነሆ፦

«አይ ግራጁዌትድ ፍሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢን 2021. አይ ዋዝ ሃየርድ አዝ ኤ ጁኒየር አካውንታንት ኢን ዘ ሴም ይር. አይ ፕሪፔርድ ዘ መንዝሊ ሪፖርትስ ኤንድ ትሬንድ ኒው ስታፍ. ማይ ኮንትራክት ኤንድድ ዌን ዘ ፕሮጀክት ዋዝ ኮምፕሊትድ.»

መመረቅ የራሷ ነው፣ አክቲቭ። የቀጠራት ሌላ ነው፣ ፓሲቭ። ሪፖርቱንም ሥልጠናውንም እሷ ሠራች፣ አክቲቭ። ፕሮጀክቱን ያጠናቀቁት ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም አያስፈልግም፣ ፓሲቭ። ኮንትራቱ ግን ጊዜው ደርሶ ነው ያለቀው፣ ስለዚህ «ኤንድድ» ብቻ። የመጀመሪያ ረቂቋ «ማይ ኮንትራክት ዋዝ ተርሚኔትድ» ይል ነበር። «ተቋረጠ» ማለት ነው። ሰው አቋረጠው ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አቋረጡብሽ?» ይሆን ነበር።